የሙኒር ጥጃ

ሙዱላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምሽ? ትንሿ ረምላ እንዴት ናት? ሻይ ቤቱስ? መናኸሪያ በር ላይ ሆኖ ሰው አጣሁ ስትዪ አላምንሽም። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጆሮዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

አሁንም ለምን ስልክ አትይዢም ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ! ስልክ ውስጥ ድምፅሽ እንደ ንብ እዝዝ ይላል እንጂ ቃል የለውም። በስልክ እጽፍልሻለሁ ያልሽውም ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። ወረቀት ይሻለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በአማርኛ ስለሆነ ስሕተቴ ላይ አትሳቂ። ነስሩ ሚኒባሱን ከማስነሳቱ በፊት ወረቀትሽን ስጪው። እዚህ ሲደርስ ወርዶ ወተቱን ጠጥቶ፣ ትንሽ ቀልዶብኝ ነው የሚሰጠኝ። ቀልዱን ባልሰማም ከንፈሩን አይቼ እስቃለሁ።

ዳለቻ ወለደች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ወንድምሽ ሐምሌ ላይ ሊሄድ ሲል የላሟን ሆድ እያሻሸ «እማ፣ ሴት ከሆነች የኔ ናት» ብሎኝ ነበር። እሺ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ጥጃዋ የሙኒር ናት፤ ማንም አይነካትም።

እሱስ የት ደረሰ? ያ ደቡብ አፍሪካ የሚሉት አገር እስከ መቼ ነው የሚያስኬደው? የሚደውለው ላንቺ ነው። የሚለውን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

እናትሽ መርየም

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን ሳነብ ደንበኞቼ «ምን አገኘሽ?» እስኪሉኝ ድረስ ነው የሳቅኩት።

ደስ ይበልሽ፣ ሙኒር ደወለ! ታንዛኒያ ናቸው። የሰፈራችን ልጅ ቲቶም አብሮት ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ ነው የምንለብሰው አለኝ። እና መጀመሪያ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «ዳለቻ ወለደች ወይ?» ሴት ናት ስለው መንገድ ላይ ጮኸ። ግንባሯስ? ነጭ አለበት ወይ? እናቷ ወተት ትለቃለች ወይ? ስላንቺ የጠየቀው ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው። «እማ ደህና ና...» ብሎ ተቋረጠ። ሳቅም ንዴትም ያዘኝ።

አጎቴ ሁሴን ወሬውን ሰምተው፣ ጥጃዋ ጡት ስትጥል ሺንሺቾ ወስጄ ከኔ ከብቶች ጋር ላሳድግለት ብለዋል። ሣር አላቸው፣ ድቅል ኮርማም አላቸው። ሙኒር ተመልሶ ሲመጣ የራሱ ላም ትጠብቀዋለች ማለት ነው። ምን ይመስልሻል? ከእናቷ የምትለየው መቼ ነው?

ልጅሽ ፈሪዳ

ሙዱላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ፣

ደብዳቤሽን ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የከረምኩት። ውለታ ቢስ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ሰላም የሚባለው ለላሟ። ልጅ ሆኖም እንዲሁ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ጋጣ ነው የሚገባው፤ «ዳለቻ ጠገበች?» ይላል፤ እኔን ያየኛል ከዚያ በኋላ። ለሱ ብለሽ ንገሪው፣ ጠግባለች።

ያንቺ ነገር ግን ገረመኝ። እዚህ አድገሽ ጥጃ መቼ እንደምትለይ ትጠይቂኛለሽ? ሆሳዕና ውስጥ ወተት በላስቲክ ስትገዢ ረሳሽው። ስሚ እንግዲህ። ወር ቆጥረሽ አይደለም። ጥጃዋ ሣር ትነክሳለች፤ ያ ብቻውን ጨዋታ ነው። ተኝታ ስታመሰኳ ካየሽ መልካም ጀምራለች ማለት ነው። እናቷ ራቅ ስትል ቀና ብላ አይታ ተመልሳ ከጋጠች ያኔ ደርሳለች። እየጮኸች የምትከተል ከሆነ ግን አልደረሰችም፤ ገመድ ብታስሪባት ትከሳለች እንጂ አትለምድም። የበልግ ሣር ሲወጣ ይሻላል፤ ለሁሴን እስከዚያ ይታገሥ በዪው።

ሙኒርን ጡት ሳስጥለው ትዝ ይልሻል? አንቺ ትልቅ ልጅ ነበርሽ። ጡቴን እሬት ቀባሁት። ቀምሶ አለቀሰ፤ ከዚያ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ጠርጎ ተመልሶ ጠባ! አባታችሁ ነፍሱን ይማረውና በሳቅ ወደቀ። እኔም ተውኩት። ሌላ አንድ ዓመት ጠባ።

ሲደውል ይህን ንገሪው፤ ቲቶ ፊት ይፈር።

እናትሽ መርየም

ሆሳዕና፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. (ያልተላከ)

እማ፣

ይህን ወረቀት ለነስሩ አልሰጠውም። ለማን እንደምጽፈው አላውቅም፤ ብቻ አፌ ሲዘጋ እጄ አልዘጋ አለ።

ሙኒር የለም። ሙኒራችን ሞተ። የደወለው ቲቶ ነው፤ እያለቀሰ ስለሚናገር ቃሉን መያዝ አቃተኝ። ደላሎቹ በጭነት መኪና ዕቃ ውስጥ ደብቀዋቸው ሲሄዱ አየር አጥሮት ነው አለ። እዚያው ከመንገድ ዳር ቀበሩት። ቲቶ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጌ አስተኛሁት አለኝ፤ ክርስቲያኑ ልጅ ጠይቆ ነው ያደረገው። የቀበሩበትን ቦታ ስም ጠየቅሁት። አላውቀውም አለ።

ያንኑ ሌሊት አጎቴ ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። እንዴት ልጻፍላት ስላቸው ተቆጡኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ብቻዋን ቤት ውስጥ ሆና አንብባ ብትወድቅ ማን ያነሳታል፣ ደም ግፊቷን እያወቅሽ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌ ይዘን በማለዳ ገብተን፣ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነው የምናረዳት አሉ። ግን አሁን እንሰት የምትፍቅበት ጊዜ ነው፤ አዝመራው ይግባላት፣ ጉልበት ታግኝ አሉ። «ጥጃዋን ልንወስድ መጣን ብለን እንገባለን። ጡት ስትጥል። ያኔ አትጠረጥርም።» እስከዚያ እንዳትሄጂ አሉኝ፤ ፊቴን ካየሽ ታውቂያለሽ። እሳቸውም አይመጡም። ነስሩንም አስምለውታል።

ስለዚህ እማ፣ ጥጃዋ ጡት እስክትጥል ድረስ ልዋሽሽ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ። እየጻፍሽልኝ ያለሽው ስለ እሬቱ ነው። እንዴት ነው የምመልስልሽ?

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማ፣

ወዓለይኩም ሰላም። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሁላችንም ደህና ነን።

ሙኒር ደውሎ ነበር። ደርሷል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሥራ ይዟል። በቅድሚያ የጠየቀው ስላንቺ ነው፤ ጤናሽን፣ መድኃኒትሽን እንደምትወስጂ። «እማን አደራ» ብሏል። የእሬቱን ነገር ነገርኩት፤ ሳቀ። መሥመሩ ጥሩ ስላልሆነ ብዙ አላወራንም። ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ አይደውልም፤ እዚያ ስልክ ውድ ነው።

ጥጃዋ እንዴት ናት? አደገች? ጡት ልትጥል ስትቃረብ ብቻ ጻፊልኝ፤ አጎቴ ይጠይቁኛል።

መድኃኒትሽን ውሰጂ።

ልጅሽ ፈሪዳ

ሙዱላ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ነስሩ ከመኪናው አልወረደም፤ በመስኮት ወርውሮልኝ ሄደ። ወተቱ በስኒ ቀርቦለት ነበር። ምን ሆኖ ነው? ቂም ይዞብኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ሙኒር በቅድሚያ ስለ እኔ ጠየቀ አልሽኝ። እሰይ። ሰው አገር ያስተምራል ማለት ነው። ስለ ዳለቻስ? አንድ ቃል አላለም? ምናልባት ብሎ አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እስቲ አስታውሺና ጻፊልኝ።

ጥጃዋ ደህና ናት። ጠዋትና ማታ ሳልብ አጠገቧ አቆማታለሁ፤ ዳለቻ ትልሳታለች፣ ወተቷንም ትለቃለች። ይኸው ቅቤ ልኬልሻለሁ፤ ለረምላም ፀጉሯን ቀቢያት። ጡት ግን አልጣለችም፤ ገና ናት። ሣሩ ደርቋል፣ ደግሞም ደካማ ነገር ናት። እንዳትመጡ። ብዙ ሰው መጥቶ መንገድ ለመንገድ ቢጎትታት አትችልም። ስትደርስ እኔ ራሴ እጽፋለሁ።

አዝመራው ገብቷል። እንሰቱን የፋቅኩት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ነው። ሴቶቹ ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዝምተኞች ናቸው። እኔ ስዞር አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ስመለከት ይቆማል። ደንቆሮ ሰው እንዲህ ብዙ ነገር ያስባል፤ አትፍረጂብኝ።

እናትሽ መርየም

ሆሳዕና፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማ፣

ቅቤው ደረሰኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ቤቱ በሙሉ ያንቺን ቤት ሸተተ።

ነስሩ ቂም የለውም፤ ጥርሱን አሞት ነው። ሙኒር ስለ ዳለቻ ምን አለ ላልሽው፣ አዎ፣ እኔ ነኝ የረሳሁት። ጠይቋል። ዳለቻ ጠገበች ወይ ብሏል። ጥጃዋንም በደንብ ጠብቁልኝ ብሏል። አሁን በደንብ አስታውሳለሁ።

እማ፣ አጎቴ ሁሴን ረመዳን ሳይገባ ቢሆን ይላሉ። አንዴ ጾሙ ከገባ መንገዱ ያደክማል። አሁን እኮ ግማሽ ዓመት ሊሆናት ነው። አንዳንድ ሰው ከዚህ በፊትም ይለያል፤ እዚህ አንድ ደንበኛዬን ጠይቄው በሦስት ወርም ይለያሉ ብሎኛል። አላስቸኩልሽም። አንቺ እንዳልሽ ነው። ብቻ ምን ልበላቸው?

አንዳንዴ ደግሞ ገና ናት እንድትዪኝ እመኛለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ደክሞኝ ነው።

ልጅሽ ፈሪዳ

ሙዱላ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን አላህ ያበርታሽ።

በሦስት ወር የሚለየው ሰውዬ ወተት ነጋዴ ነው፤ ጥጃ አያውቅም። አንቺም እንዲህ ያለ ሰው ጠይቀሽ ለእናትሽ ትጽፊያለሽ!

ገና ናት። ሁሴን ቢጠይቅሽ፣ እናቷ አልቻለችም በዪው። የጥጃዋን ብቻ ነው የምታስቡት፤ ላም ደግሞ አለች። ጥጃ ሲወሰድባት ሦስት ቀን የማትበላ ላም አይቻለሁ። አጥር ለአጥር እየሄደች፣ ሽታዋን ያገኘችበትን ሁሉ እያሸተተች። ዳለቻ አርጅታለች፤ ይህ የመጨረሻዋ ሊሆን ይችላል። እስቲ ትንሽ ትቆይላት። ምን ይጎዳችኋል?

ለዒድ ትመጫለሽ ወይ? ሁልጊዜ ትመጪ ነበር። ረምላ ስንት ጥርስ እንዳወጣች ማየት እፈልጋለሁ። ዕቃ አትያዢ፣ ፊትሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።

እናትሽ መርየም

ሆሳዕና፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማ፣

ዒድ ሙባረክ። ለዒድ ስላልመጣሁ ይቅር በዪኝ። ረምላ አተኩሷት ነበር፤ አሁን ድናለች። ይቅር በዪኝ። መምጣት እየፈለግሁ ነው የቀረሁት፤ ይህን እመኚኝ።

እማ፣ አሁን በልጉ ዘንቧል። ነስሩ ሣሩ በሙዱላ መንገድ ግራና ቀኝ ለምልሟል አለኝ። አንቺም የበልግ ሣር ሲወጣ ይሻላል ብለሽ ነበር። ስለዚህ አጎቴ ሁሴን ቆርጠዋል። ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ፣ በማለዳ እንመጣለን፤ ጥጃዋን ልንወስድ። እኔ እመጣለሁ። አጎቴ፣ አክስቴ ሃቢባ፣ የመስጊዱ ሼህ፣ ሙኒርን ያስተማሩት መምህር ወልደኪዳንም ይመጣሉ። ምግብ ብለሽ እንዳትለፊ፤ ምንም አታዘጋጂ።

በዚያን ቀን መድኃኒትሽን ጠዋት መውሰድሽን አትርሺ።

እወድሻለሁ እማ።

ልጅሽ ፈሪዳ

ሙዱላ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪዳ፣

አሰላሙ ዓለይኩም።

አንዲት ጥጃ ለመጎተት ሼህ ይመጣል? ሃቢባ ጉልበቷን እያመማት፣ ከአልጋ የምትነሳው ለልቅሶ ብቻ የሆነች ሴት፣ ጥጃ ልትነዳ ነው? መምህር ወልደኪዳን ደግሞ ከብት ይፈራል፤ ሙኒር ሁሌ ይስቅበት ነበር። አንቺ ልጄ፣ ውሸት አላስተማርኩሽም፤ ስለዚህ አታውቂበትም። በዚህ ደስ ይለኛል።

አውቄያለሁ። ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። በቅድሚያ ስለ እኔ ጠየቀ ብለሽ የጻፍሽ ቀን ነው። ልጄ ስለ ዳለቻ ሳይጠይቅ ስለኔ ጠይቆ አያውቅም። ምናልባት ሰው ይለወጣል ብዬ ነበር። ነስሩ ወተቱን ትቶ ሄደ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ዒድ መጣ፣ አንቺ ቀረሽ። ለሟች የሚባለውን፣ ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን ካልኩ ቆየሁ፤ ብቻዬን ነው ያልኩት፣ እንሰቱ መሃል ሆኜ። እንዴት እንደሆነና የት እንዳረፈ ግን አላውቅም። እሱን ትነግሪኛለሽ።

እኔም ዋሽቼሻለሁ። ጥጃዋ የለችም። ታኅሣሥ ሲገባ፣ ያ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ፣ ሆዷ ተነፍቶ በአንድ ቀን ሞተች። መጀመሪያ ያልነገርኩሽ ሙኒር እንዳይሰማ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሱ የሆነ ነገር ሞተ አይባልም። ዳለቻ ወተቷን ያዘች። ጎረቤታችን መልካሙ የጥጃዋን ቆዳ ገፎ፣ ጭድ ሞልቶ ሰፋልኝ፤ ጨው ቀባሁበት። ሳልብ አጠገቧ ሳቆመው ዳለቻ ላሰችው፣ ወተቷንም ለቀቀች። የላክሁልሽ ቅቤ የዚያ ነው።

አንቺ ጡት ልትጥል ስትቃረብ ጻፊልኝ ባልሽኝ ጊዜ ደግሞ ገባኝ። የምትመጡት ለምን እንደሆነ ገባኝ። ጥጃዋ ጡት አልጣለችም ባልኩሽ ቁጥር ሙኒር ትንሽ ይቆይልኝ ነበር። ለዚህ ነው ገና ናት፣ ገና ናት የምልሽ። ሽማግሌ ገብቶ ካልተናገረ አልሞተም ብዬ ነው። አንቺ በደብዳቤሽ «ሙኒር እንዲህ አለ» እያልሽ ስትጽፊ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ደጋግሜ አነበው ነበር። ዳለቻም ጭድ መሆኑን ታውቃለች፣ ፈሪዳ። አሽትታ አሽትታ ነው የምትልሰው። ታውቃለች።

አንድ ነገር ነው የሚያቃጥለኝ። ላም ሳረባ ነው የኖርኩት፤ ጥጃ መቼ እንደምትለይ ዓይኔ አይስትም። ሙኒር ሊሄድ ሲል ጢሙ ወጥቷል፣ እንደ አባቱ ረዝሟል ብዬ ለቀቅኩት። ከአጥሩ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁትም። ሄዶ ሰው ይሁን ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት።

ዛሬ ጠዋት ቆዳውን ከጋጣው አውጥቼ እንሰቱ ሥር ቀበርኩት። ዳለቻ ቀኑን ሙሉ ስትጮኽ ዋለች፤ እኔ ድምጿን አልሰማሁም፣ አፏ ሲከፈት ነው ያየሁት። ወተቷን ከልክላኛለች። ቅዳሜ ለሚመጣው ሰው የማቀርበው ወተት የለኝም፤ ለሃቢባ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ እንዳትቀየመኝ። ሁሴንንም በዪው፣ ጥሩ አድርጎ ነው የያዘኝ፣ ወንድሜ ነው፣ አልተቀየምኩትም። ነስሩ ግን ከመኪናው ይውረድ።

መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ቤቱን ጠርጌ፣ ሰሌኑን አንጥፌ እጠብቃችኋለሁ።

አንቺ ስትመጪ በር ላይ ቆመሽ እንዳትጮኺ። አልሰማሽም። ዝም ብለሽ ግቢና እጄን ያዢኝ።

እናትሽ መርየም